እንግሊዝኛን ለቁጣ የተማሩት የወይዘሮ ማርሴላ ኩጁር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማርሴላ ኩጁር ከአባታቸው ከአቶ ቦኒፋስ ኩጁርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱሳና ቲርኪ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. በሕንድ አገር በጉምላ አውራጃ ቤርቶሊ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታችን ሩዝ አራሽና የሰበካው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበሩ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ጁልያና ነኝ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሟችን አንቱ ማለት ወግ ስለሆነ እኔም አንቱ እላለሁ። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አንቱ ያላሏቸው ሰዎች ዛሬ ነጭ ለብሰው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋልና እየሰሙ ይልመዱት።

ማርሴላ በሚስዮኑ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል በሂንዲ ተምረዋል፤ ከክፍላቸውም አንደኛ ይወጡ ነበር። እናታችን ሲሞቱ ግን ልጆቹን ማን ያሳድጋቸው ተባለና ከትምህርታቸው ቀሩ። እኔን አዝለው የሩዝ ችግኝ ተክለዋል። እኔ ነርስ የሆንኩት እሳቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆሙ ነው፤ ይህንን ማንም እንዲያለዝብልኝ አልፈልግም።

በ1979 ዓ.ም. የባንክ ጸሐፊ ከነበሩት ከአቶ ፕራቡዳስ ላክራ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ወደ ራንቺ ከተማ መጡ። በ1981 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን ኒሻንትን ወለዱ። የባላቸው እህት ወይዘሪት ኤስቴላ ላክራም እዚያው ቤት አብረው ይኖሩ ነበር። ወይዘሪት ኤስቴላ በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ያደጉ መምህርት ናቸው፤ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። በዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚነገረው ግን እንግዳ ሲመጣ አይደለም። ከማርሴላና ከሠራተኛዋ የሚደበቅ ነገር ሲኖር ነበር። የእኛ ከተማ የተማረ ሰው ሁሉ ይህ አመል አለበት፤ በሚስቱ፣ በእናቱ፣ በልጁ ፊት ቁጭ ብሎ ስለ እነሱው በእንግሊዝኛ ይማከራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእህቴን ጆሮ ግን ባዳ ያደረጉት ሰዎች ናቸው፣ ያውም እሷው ምግባቸውን እያቀረበችላቸው ሳለ።

በ1989 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ ወንድምና እህት ኒሻንትን ዳርጂሊንግ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለመላክ በራት ገበታ ሲማከሩ ከረሙ። ማርሴላ ሩዛቸው ላይ ምስር እየጨለፉላቸው ነበር። የስምንት ዓመት ልጃቸው ከቤት እንደሚወጣ ያወቁት የቆርቆሮው ሳጥን ተገዝቶ ሲገባ ነው። ምነው ሳትነግሩኝ ብለው ሲያለቅሱ አቶ ፕራቡዳስ፣ "ወሩን ሙሉ ፊትሽ ስናወራው አልነበር? ያልሰማሽው አንቺ ነሽ" አሏቸው። ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔ ግን ለዚህች አነጋገር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ልጁ በሄደ በሳምንቱ ማርሴላ ስፌት ልማር ነው ብለው ከቤት ወጡ። የሄዱት ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ካለች ክፍል ነው። እዚያ ጡረታ የወጡት የባቡር ጣቢያ ኃላፊ መምህር ሀልዳር የእንግሊዝኛ ንግግር ያስተምሩ ነበር። የመምህሩ ደንብ ቀላል ነው፤ ተማሪ ሲገባ ቆሞ፣ ያን ዕለት ጠዋት የገጠመውን በእንግሊዝኛ ይናገራል። ሂንዲ የቀላቀለ የሻይ ብርጭቆ ያጥባል። እህቴ ብዙ ብርጭቆ አጥበዋል። በኋላ አንድ ጠዋት ተነሥተው፣ "ዛሬ ሩዙ አረረብኝ። ያረረው ተናድጄ ስለነበር ነው። አሁንም ተናድጃለሁ" አሉ። አብረዋቸው የሚማሩት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ሳቁባቸው። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ "ይቀጥሉ፣ በማን ነው የተናደዱት?" ብለው ደንባቸውን ጥሰው በሂንዲ ጠየቋቸው። በራንቺ ከተማ እህቴን መጀመሪያ አንቱ ያሏቸው ሰው እኚህ ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ካለሁበት የነርሶች ማደሪያ ይመጡና አተር እየፈለፈልን በእንግሊዝኛ እንጣላ ነበር። አባባ ማንን አብልጠው ይወዱ ነበር፣ የእናታችንን ሻሽ ማን ወሰደው፣ ያላነሣነው የለም። ሰው ሊጣላበት የማይችለውን ቋንቋ አውቃለሁ አይበል ይሉኝ ነበር። ገበያ ወርደውም በእንግሊዝኛ ይከራከራሉ። ቲማቲም ሻጩ እንደ ፈረንጅ እመቤት ቆጥሯቸው፣ "ሜምሳሂብ፣ የእኔ ቲማቲም ሂንዲ ብቻ ነው የሚሰማው" እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም በዚያው በእንግሊዝኛቸው፣ የማናግረው ቲማቲሙን ሳይሆን ባለቤቱን ነው ይሉታል። ምንም ሳይገባው ዋጋ ይቀንስላቸው ነበር።

ጽሕፈቱንም አልተዉትም። የሠፈራቸው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሰዉ በጨለማ በተቀመጠ ጊዜ ለመብራት ቤት የሚገባውን ማመልከቻ የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኛ አገር ማመልከቻ ሲጻፍ "በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ" ሳይባል አይጀመርም። ጎረቤቶች ይህ ካልገባ ሹሙ ይቆጣል ብለው ቢለምኗቸው፣ "የምንከፍልበትን መብራት አንለምንም" ብለው አስወጡት። መብራቱ መጣ። ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ሰው ባላቸውና ወይዘሪት ኤስቴላ ሥራ የሚሄዱበትን ሰዓት እየጠበቀ ጽሑፉን እሳቸው ጋ ይዞ ይሰለፍ ጀመር፤ በቤታቸው ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

የታወቀው በ1991 ዓ.ም. ከገና በፊት ባለው በአድቬንት ሰሞን ነው። ወይዘሪት ኤስቴላ እንደ ልማዳቸው በገበታ ላይ በእንግሊዝኛ፣ ልጁ ለገና እዚህ መጥቶ የእናቱን የገጠር አነጋገር ከሚለምድ ኮልካታ ካሉ ወዳጆቻቸው ዘንድ ቢከርም ይሻላል አሉ። ወንድማቸውም ተስማሙ። ማርሴላ ጭልፋውን አስቀመጡ። በእንግሊዝኛ፣ "ልጄ ለገና ወደ ቤቱ ይመጣል። ሌላውንም ቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው" አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ የሚል ሰው አልተገኘም። ወይዘሪት ኤስቴላ ሳቅ ብለው፣ "ይሄ ደግሞ የአውቶቡስ ረዳት እንግሊዝኛ ነው" አሉ። ልጁ ግን ለገና መጣ። ረዳትም ቢሆን ያሰቡበት ያደርሳል!

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ማርሴላ ሐሙስ ሐሙስ በሰበካው አዳራሽ ሴቶችን አስተምረዋል። ሰው ቤት ምግብ የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አስገብተው ከመምህር ፊት አንገታቸውን የሚደፉ እናቶች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሯቸው ሰላምታ አልነበረም፤ "እዚሁ ነኝ፣ ለእኔ ንገሩኝ" ማለትን ነበር። ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም ሐሙስን አላስታጎሉም።

በ2022 ዓ.ም. ክረምት ሆዳቸውን ታመው በከተማችን ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ገቡ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በእናት ቋንቋችን በኩሩክ እናወራ ስለነበር ሐኪሙ ባላገር ናቸው ብሎ ገመተ። ከአልጋቸው ግርጌ ቆሞ፣ ዕጢው ጉበት ደርሷል፣ ጥቂት ወራት ነው ብሎ ለኒሻንት በእንግሊዝኛ ነገረው። ኒሻንትም በእንግሊዝኛ መለሰ፤ እንዳትነገር፣ ጨጓራ ነው እንበላትና ቤንጋሉሩ ወስጄ ላሳክማት አለ። ባዳው ሐኪም አያውቅም እንበል። ልጃቸው ግን ያውቃል! የእናቱን እንግሊዝኛ እየሰማ ነው ያደገው። ሲጨንቀው ያባቱ ገበታ ላይ የተማረው አመል ወጣ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

ማርሴላ ቀና አሉ። "ዶክተር፣ በሽተኛዋ እኔ ነኝ" አሉ በእንግሊዝኛ። "ወንበር ይሳቡና ለእኔ ይንገሩኝ። ስንት ወር?" ሐኪሙ ደንግጦ ተቀመጠ፤ ሁሉንም ነገራቸው፤ የጠየቁትንም ሁሉ መለሰ። ኒሻንት ሲያለቅስ እጁን ይዘው ነበር። ከዚያም ቤንጋሉሩ አልሄድም፣ በቤቴ እሞታለሁ ብለው ወሰኑ። ተንኮል አይደለም፣ ለእሷው ብለን ነው የምትሉኝ አላችሁ። በ1989ም ለልጁ ተብሎ ነበር።

ስላወቁ ቤርቶሊን ዞረው አዩ፤ የወላጆቻችንን መቃብር በአጥር አስከለሉ፤ የሐሙሱን ትምህርት ሰው ቤት ምግብ በመሥራት ለምትተዳደረው ለተማሪያቸው ለሳቢና ሚንጅ አስረከቡ። በተወለዱ በ66 ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 2023 ዓ.ም. በራሳቸው አልጋ ላይ አረፉ። የአንድ ልጅ እናትና የአንዲት ልጅ አያት ነበሩ። ለእኔ ደግሞ እናትም እህትም ነበሩ።

ትናንት አስከሬናቸው ሳሎን እንዳለ፣ ወይዘሪት ኤስቴላና ኒሻንት ከሣጥኑ ግራና ቀኝ ቆመው የሆስፒታሉ ነገር ከዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ ተማከሩ። የተማከሩት በእንግሊዝኛ ነው። የሐሙስ ሴቶች ሻይ እያደሉ ነበር። ሳቢና ትሪዋን እንደያዘች ቆመችና በዚያው ቋንቋ ረጋ ብላ፣ "ሁላችንም እየሰማን ነው" አለች። እኔም ከጽሑፉ አንዲት ቃል አላወጣሁም።

እህቴን የወሰድክ አምላክ ሆይ፣ ስለ ኃጢአታቸው ከመላእክትህ ጋር በማያውቁት ቋንቋ አትማከርባቸው። አጠገብህ አስቀምጣቸውና ያለህን ሁሉ ለራሳቸው ንገራቸው፤ ይሰሙሃል። አሜን።