አንድ ስም፣ ሁለት ፔንሲዮን

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ጠዋት። እምድብር

ክቡር ደብተር ሆይ፤ በዚህ ቤት ለምትኖሩ ግድግዳዎች፣ ለድመቷና ለዝንቦች በሙሉ፦ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የደረሰበት ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ ጠዋት ከትራሴ ሥር በሰላም መገኘቱን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ። ካልሲው በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል። ምርመራው ተዘግቷል።

ሁለተኛ ዜና። ታላቋ ልጄ ወርቅነሽ ደወለች። ሁለት ፔንሲዮን አላት፤ አንዱ ወልቂጤ፣ አንዱ ቡታጅራ። የሁለቱም ስም «ማለፊያ» ነው። አሁን ሦስተኛውን አገና ልትከፍት ነው፤ ልስን ላይ ደርሷል። የሚያስተዳድርላት ሰው ግን አልመረጠችም። አንዱ ዕጩ የወልቂጤውን የሚያስተዳድረው ልጇ ዳዊት ነው፤ እኔ አዝዬ ያሳደግኩት የልጅ ልጄ። ሌላዋ የቡታጅራዋ ሰሚራ ናት። አይቻት አላውቅም።

የኔ ሥራ፦ ሁለቱም ጋ እንደ ማንም መንገደኛ አልጋ ይዤ ማደርና ያየሁትን መናገር። ጨርቅ ስነግድ ያልተኛሁበት አልጋ ቤት ስለሌለ ከኔ የተሻለ ዳኛ የለም አለችኝ። ሲያሞግሱኝ እምቢ ማለት አልችልም።

ወርቅነሽ የምትለው እንዲህ ነው። የ«ማለፊያ»ን ታፔላ ያየ ሰው ወልቂጤ ያገኘውን ቡታጅራም ማግኘት አለበት። ይነስም ይብዛም፣ እኩል። እኔ አንቺና እህትሽ እንኳን ከአንድ ማሕፀን ወጥታችሁ እኩል አይደላችሁም አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

አንድ ነገር አልነገርኳትም። ለመስቀል ሰሞን ለዳዊት ሽምግልና ሄደን ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች አገና ናቸው። ልጃችንን አርቃችሁ ልትወስዱብን ነው ወይ ሲሉ፣ እኔ አፌን ከፍቼ የለም፣ ሥራው እዚሁ አገና ነው፣ የአዲሱ ፔንሲዮን ኃላፊ ሊሆን ነው አልኩ። ያኔ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አፌ ነው የቀደመኝ። እነሱም ያንን ይዘው ነው እሺ ያሉት።

ስለዚህ ደብተር ሆይ፣ ዳኛው ገለልተኛ ነው። እንደምታዪው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ከሰዓት በኋላ። ቡ/ራ

(ከእንግዲህ ቡታጅራን ቡ/ራ፣ ወልቂጤን ወ/ጤ እላለሁ። ጣቴን ያመኛል።)

በአገና በኩል መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴና አገጬ ተገናኙ። እንዳልታወቅ ባርኔጣዬን ቤት ትቼ ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ። ረዳቱ ዓይነ ስውር መስዬው ክንዴን ይዞ አወረደኝ። መንገድም አሻገረኝ፤ መሻገር ግን አልፈለግሁም ነበር።

ሰሚራ ሪሴፕሽን ላይ ናት። የመስቃን ልጅ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ንግግሯ ቁጥብ። ከኔ በፊት የገባውን ነጋዴ በሰላምታ፣ እኔንም በሰላምታ። መታወቂያ ጠየቀችኝ። በኩራት ሰጠኋት። አየችው፣ አየችኝ፣ መለሰችልኝ። ቁልፍ።

ክፍሉ፦ አንሶላ ነጭ፣ ንጹሕ። አንድ ትራስ። አንድ ብርድ ልብስ። አንድ ፎጣ። ትንሽ ሳሙና፣ ያልተከፈተች። አምፖል ይበራል። በሩ ይቆለፋል። ሻወሩ ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም። ነጠላ ጫማው ሁለቱም የግራ። ለሙከራ አድርጌው ሄድኩ፤ ወደ ሽንት ቤት ስነሳ መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

ወርጄ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጠየቅሁ። የለም አለች፤ ለአንድ አልጋ አንድ ነው፣ ዛሬ ክፍሉ ሁሉ ተይዟል፣ ለእርስዎ ብጨምር ከሌላ ሰው ላይ አንስቼ ነው። ሻይ ላስፈላልዎት አለችኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ አልኳት። «አያለሁ አባቴ፤ ዕድሜ ይጨምርልዎት» አለች። ዕድሜ ጨመረችልኝ፣ ብርድ ልብስ ግን አልጨመረችልኝም።

ልቧ ድንጋይ ነው። ይጻፍ።

ለዳዊት ደውዬ ተነጫነጭኩ። ለሽማግሌ ብርድ ልብስ የምትከለክል ሴት አየሁ፣ እናትህ ጉድ ነው የያዘችው አልኩት። በጣም አዘነልኝ። ደግ ልጅ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ጠዋት። ቡ/ራ

ኮቴን ደርቤ ተኛሁ። እውነት ለመናገር አልበረደኝም። መከልከሉ ነው ያልሞቀኝ።

ቁርስ ፍርፍር። አጠገቤ የተቀመጠው የአይሱዙ ሹፌር ሰሃን የኔን ያህል ነው፤ የሱን ሆድ ላየ ግን ግፍ ነው። ሰሚራን ጠርቼ ለሽማግሌ እንቁላል አይጨመርም ወይ አልኳት።

«ለሽማግሌ ጨው ይቀነሳል እንጂ» አለችኝ ሳትስቅ።

ሹፌሩ ሊታነቅ ነበር። ይቺን ወደድኳት። ብርድ ልብሱን ግን አልረሳሁም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ጠዋት። ቡ/ራ

ትናንት ለማነጻጸር ብዬ ተፎካካሪ ዘንድ አደርኩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አረንጓዴ ቀለም የሚወዱት ናቸው። እነሱም ሁለቱም ከተማ ቤት አላቸው። አምና ወ/ጤ ያሉት ጋ አድሬ ነበር።

ውጤት፦ ወ/ጤ በሩ አይዘጋም፤ ቡ/ራ በሩ አይዘጋም። ወ/ጤ ቴሌቪዥን አለ፣ ሪሞት የለም፤ ቡ/ራም እንዲሁ። እዚያ በቧንቧው ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ነበር፤ እዚህም ያፏጫል፣ ዜማው ሳይቀር ያው ነው። ትራሱ በሁለቱም ከተማ ሽንብራ የተሞላ ይመስላል።

ለወርቅነሽ ደውዬ እኩልነት ከፈለግሽ እነዚህን ቅጠሪ አልኳት። ሳትስቅ ስለ ሰሚራ ጠየቀችኝ። ስጨርስ እነግርሻለሁ አልኩ። ፍርዱን ግን በሆዴ ጨርሻለሁ። ዳዊት።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14፤ ከሰዓት በኋላ። ወ/ጤ

ዳዊት መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። በምሥጢር እንደምመጣ ማን ነገረው? እኔ ነኝ የነገርኩት።

እንደ ተራ እንግዳ ነው የመጣሁት አልኩት፤ ሰማህ? እሺ አባባ አለና ሻንጣዬን ነጥቆኝ ከፊቴ ሮጠ። መታወቂያ የጠየቀኝ የለም። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ጨበጡኝ። አንዷ ጉልበቴን ልትስም ስትል ላነሳት ጎንበስ ብዬ ወገቤ ተንቋቋ።

ክፍሉ፦ ሦስት ትራስ። ሁለት ብርድ ልብስ። ፎጣ ለፊት፣ ፎጣ ለእግር። ምንጣፍ። ነጠላ ጫማው አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ። ውሃው ይፋጃል። ክትፎ ከነአይቡ ክፍሌ ድረስ መጣ፤ ቆጮውም ለስላሳ። የት አለሽ አንቺ ሰሚራ የምትባዪ!

ዳዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስበላ ያየኛል። በልጅነቱ እኔ ነበርኩ እንዲህ የማየው። ከዚያ የአገናውን ነገር አነሳ። የእጮኛው አባት በየሳምንቱ እየደወለ መቼ ነው የምትመጣው ይለዋል። እናቱን መጠየቅ ይፈራል። «አባባ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» አለኝ።

ሻንጣህን አዘጋጅ አልኩት።

ወ/ጤ ከአሥር አሥር። ቡ/ራ አራት። ለጨዋታዋ አንድ ጨምሬ አምስት።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ወ/ጤ

ደብተር ሆይ፣ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ፊቴን ልታጠብ ግቢ ወረድኩ (ክፍሌ ውስጥ ውሃ አለ፤ ሰው ለማየት ነው)። ቧንቧው ጋ አንድ ሰው ኩባያ ያጥባል። ገበሬ ነው፣ የቸሃ ሰው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ሚስቱ ታማበት አታት ሆስፒታል ከርመው፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላቸው ትናንት ማታ እዚህ ገቡ። መኪና እየጠበቁ ነው። ክፍላቸው ከኋላ፣ ታንከሩ ሥር።

እንዴት አደራችሁ አልኩ። እሷን ብርድ ብርድ ሲላት አደረ አለ። ጋቢውን አልብሷት እሱ በዝናብ ልብስ ቁጭ ብሎ ነው ያደረው። ብርድ ልብስ የለም እንዴ አልኩት።

«ነበረ አባቴ። ስንገባ ነበረ። በኋላ ሠራተኛዋ መጥታ አንድ ትልቅ ሰው እንግዳ መጥተዋል፣ ይበርዳቸዋል ብላ ወሰደችው። ትራሱንም።»

እና ዝም አላችሁ?

«ለሽማግሌ ነው ካሉ ምን ይባላል? እኔም አባት አለኝ። አንሱ አልን።»

ምርቃትም ጨመረበት፤ ለዚያ ለማያውቀው ሽማግሌ። ሽማግሌው ፊቱ ላይ ሳሙና አድርጎ ቆሟል።

ያ ሁለተኛው ብርድ ልብስ ሞቆኝ ወንበር ላይ ጥዬው ነው ያደርኩት። ሦስተኛውን ትራስ እግሬ ሥር።

ወጥቼ ሁሉንም ተሸክሜ ወሰድኩላቸው። ከየት ነው ሲለኝ ከሪሴፕሽን አልኩ። ሴትየዋን እስከ አንገቷ ሸፈናት። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ከደነች። ሥራ ፈትቼ በክፍት በሮች እያየሁ በየፎቁ ዞርኩ። አንዱ ክፍል ፎጣ የለውም። አንዱ ምንጣፍ የነበረበት ቦታ በአቧራው ይታወቃል። ነጠላ ጫማ በአንድ እግር የቀረ አለ።

ክፍሌ ከአሥር አሥር ያገኘው ከየክፍሉ አንድ አንድ ተዋጥቶለት ነው።


ያው ቅዳሜ፤ እኩለ ቀን

ለዳዊት ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ምን አጠፋሁ አለ፤ አያቴን እንደ መንገደኛ ላስተኛው ኖሯል? አዎ አልኩት፤ ወይም መንገደኛውን እንደ አያትህ አስተኛው። ያን ያህል ብርድ ልብስ የለኝም አለ። እንግዲያውስ አልኩት።

ተቆጣ። «አንተ ነህ ደውለህ ብርድ ልብስ ከለከለችኝ ብለህ ያለቀስከው! እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቱን ነው። ባልነጫነጭ ኖሮ ያችን ሴት አይበርዳትም ነበር። ልጁን ሽማግሌ አክብር እያልን ነው ያሳደግነው፤ አከበረ። ሽማግሌው ሲመጣ የማያውቀው ሰው ከሰውነት ይወጣል ብለን ግን አላሰብንም። የከፈለው ገበሬው ነው፤ የተመሰገነው ዳዊት፤ የሞቀው እኔን።

ይኼንንም ነገርኩት። ለእናትህ ያየሁትን እነግራታለሁ፣ አገና ለሰሚራ ይገባታል አልኩት። ዳዊት ሳቀ፣ ጉልበቴን ሳመ፣ ልክ ነህ አባባ አለኝ። ሸክሙ ቀለለልኝ።


እሑድ፣ ጥቅምት 16፤ ከሰዓት በኋላ። እምድብር

ወርቅነሽ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ክትፎውንም ሳልደብቅ።

ስጨርስ፣ ሰሚራ እኮ ማክሰኞውኑ ደውላልኛለች አለች። አባትሽ መጥተዋል፣ ብርድ ልብስ ጠይቀው ከልክያለሁ፣ ቅር ብሏቸዋል፣ ይቅርታ በይልኝ ብላታለች።

በምን አወቀችኝ?

መታወቂያ ሰጠሃት አይደል አለች ወርቅነሽ። «ዘርጋ» ይላል። እኔ ማን ነኝ? ወርቅነሽ ዘርጋ። ደሞዝ የምትፈርምበት ላይ በየወሩ የምታየው ስም ነው።

ልጄን ስሜን አሸክሜ አገር ለአገር ሰድጃት፣ እኔ በጥቁር መነጽር ተሸሸግኩ። ወርቅነሽ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ውስጤ ሌላ ነገር አለ። የቀጣሪዋ አባት መሆኔን እያወቀች ነው የከለከለችኝ። ዳዊትስ አያቱ መሆኔን እያወቀ ነው የሰጠኝ። ሁለቱም አክብረውኛል። የሰሚራው ማንንም አላስበረደም።

ወርቅነሽ ወሰነች። አገና ለሰሚራ። ዳዊት ወ/ጤ ይቆያል፤ ለየአልጋው መጠባበቂያ ብርድ ልብስ ትገዛለች። የሰሚራን ነጠላ ጫማ ነገርም አንስቻለሁ፤ ፍርድ ለሁሉም እኩል ነው።

ስትወጣ የዳዊትን እጮኛ ቤተሰብ ጉዳይ ነገርኳት። መሳቋን አቆመች። አባዬ፣ ማን በል አለህ አለችኝ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 17፤ ጠዋት። እምድብር

ሚኒባሱ እስኪሞላ ነው የምጽፈው። አገና መሄዴ ነው። ብቻዬን። ያኔ አብረውኝ የሄዱት ሽማግሌዎች ቃሉን አልሰጡም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት። የልጅቷ አባት ደጅ ቆሜ፦ የአገናው ሥራ ከራሴ አውጥቼ የተናገርኩት ነው፣ ልጁ ፈጠራ መሆኑን አያውቅም ነበር፣ ልጁን አትቀየሙት፣ ወ/ጤ ሩቅ አይደለም፣ እላለሁ። ቡና ቢሰጡኝ እጠጣለሁ፤ ባይሰጡኝም እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ደብተር ሆይ፣ ሌላ ሰው ዘንድ ውሸቴን ልናገር እየሄድኩ አንቺን ዋሽቼ መተው ደስ አላለኝም። ቅዳሜ ከጻፍኩት ውስጥ አንዷ የኔ ፈጠራ ናት። ገበሬው እውነት ነው። ብርድ ልብሱ እውነት ነው። ዳዊት ግን አልሳቀም። ጉልበቴንም አልሳመም። የቁልፎቹን ዘለላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል ብሎኝ ወጣ። እስከ አሁን አልደወለም።