ቁጥር የሌለው ገጽ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17። ጠዋት 12፡30

ሰባተኛውን ጽሑፍ አንብቤ ጨረስኩ። አምስት ቀሩ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ሥራ የምገባው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፋብሪካው እዚሁ የምኖርበት ከተማ ሪቻርድሰን ስለሆነ ጊዜ አለኝ።

ደብተር፣ አንተ ላይ ልናደድ። አንድ ወንድም ስልሳ ገጽ መጽሐፍ ጽፏል። ምስጋናው ብቻ ዐሥራ አንድ ገጽ! አራት ፓስተሮች መቅድም ጽፈውለታል፤ አራቱም መጽሐፉን አላነበቡትም፣ ከጻፉት ያስታውቃል። የመዘምራኑን ስም አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሲያበቃ «ስማችሁን ያልጠቀስኳችሁ ይቅር በሉኝ» ይላል። ማን ቀርቶ?

የዚህ ሁሉ ጣጣ ባለቤት ታምራት ነው። የሃያ ዓመት ወዳጄ፣ የጉባኤው አስተባባሪ። የክርስቲያን ጸሐፊዎች ጉባኤ፣ በአማርኛ፣ የአንድ ቀን፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 5፣ የቤ/ክ አዳራሽ። ዓላማው አዳዲስ ጸሐፊዎችን ማበረታታት። ጸሐፊ በጉባኤ አይወለድም ብዬ ተከራክሬ ነበር። ተሸነፍኩ። ጭራሽ ጽሑፎቹን የማነበው እኔ ሆንኩ፤ ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሌላ የለም ተባለ። በዲግሪዬ እዚህ አገር ያገኘሁት የመጀመሪያ ሹመት ይህ ነው። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ሰርኪዩት ቦርድ፣ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ የሚሆነውን ሰሌዳ፣ እመረምራለሁ፤ ስንጥቅ ያለበትን እጥላለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይኸው።

ረቡዕ 18። ጠዋት 12፡15

ስምንተኛው። ወይንሸት የምትባል ሴት፣ ዩለስ ከተማ የምትኖር። አየር ማረፊያ ነው የምትሠራው፤ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እየገፋች ከጌት ጌት ታደርሳለች። በእጅ የተጻፈ፣ በስልክ ፎቶ የተነሣ፣ አርባ አንድ ገጽ።

«አንዲት እናት።» «አንድ አባት።» «አንዲት እህት።» ስም የለ፣ ፊት የለ። ታሪኩ ሦስት መስመር፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ጥቅስና ማብራሪያ። ከጥቅሶቹም የሁለቱ ምዕራፍ ስሕተት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቼ አመሳክሬያለሁ።

የመጨረሻው ፎቶ የገጽ ቁጥር የለውም። ከየት እንደሚቀጥል አይታወቅም። አላነበብኩትም። እኛ ጋ ቁጥር የሌለው ቦርድ አይመረመርም።

በቀይ አረስኩት። ገ. 9 ላይ፦ ይህ ስብከት ነው፤ ሰውዬው የት አለ? መጨረሻው ላይ፦ መጀመሪያ ያንብቡ፤ ከዚያ ይጻፉ። በኢሜይል ላክሁላት። ደስም አለኝ፣ አልዋሽህም።

እሑድ 22። ከሰዓት

ታምራት ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ያዘኝ። ወይንሸት ወደ ጉባኤው መምጣቷን ካንስል አድርጋለች። ደውላ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ መጻፍም ማቆሟን ነግራዋለች። እኔ ዊልቸር መግፋት ይበቃኛል አለች አሉ።

ባለመቆጣቱ ተናደድኩ። እየሳቀ፣ ትከሻዬን ይዞ፦

«ስማ መስፌ፣ አንተ እኮ ሰው ስትመርቅ እንኳ ነጥብ ትቀንሳለህ።»

ጽሑፉ መጥፎ ነው አልኩት። መጥፎውን መጥፎ ነው ማለትም ፍቅር ነው አልኩት። ይህንንም ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁ። ቀበቶው በሩ ላይ ተያዘ። እንደገና ከፈትኩ። ታምራት ቆሞ እያየኝ ነበር።

ባለቤቴ አስቴር መንገዱን ሁሉ ዝም አለች። ነርስ ናት፤ ዝም ስትል እየመረመረችኝ ነው። ቤት ስንገባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? አዎ አልኳት።

ዋሸሁ። በሰንበት።

ማክሰኞ 24። ምሳ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ያን ፎቶ አነበብኩት።

ገጽ አይደለም። ከሥራ ቦታዋ በወሰደችው ቅጽ ጀርባ፣ ቆማ የጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅ ነው። ከሌሎቹ ጋር በስሕተት የተላከ መሆን አለበት። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ሴትዮዋ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቀስ በይ አሉኝ። ሰው ሁሉ ፍጠኚ ነው የሚለኝ። ሽንት ቤት ወሰድኳቸው። ውሃ ገዛሁላቸው። ደግሞ ሽንት ቤት አሉኝ። ያኔ ገባኝ፤ አውሮፕላኑ እንዲያመልጣቸው ነው። ቤታቸው ተሸጧል፤ ልጃቸው ያለበት ከተማ ሄደው አረጋውያን ቤት ሊገቡ ነው። ጌታ ሆይ ይህን አውሮፕላን አዘግየው ብዬ ጸለይኩ። አርባ ደቂቃ ዘገየ። መንገደኛው ሁሉ ተሳደበ። እኛ አይስክሬም በላን። ለፓስተር አልተናገርኩም። መቶ ሰው ላይ መጸለይ ኃጢአት ይሆን?»

ከዚያ ገ. 9ን ገለጥኩ፣ «ሰውዬው የት አለ» ያልኩበትን። «አንዲት እናት መንገድ በዘገየባቸው ጊዜ ጌታ የጊዜ ባለቤት መሆኑን ተረዳሁ» ይላል። ያው ታሪክ ነው! ሴትዮዋ ወጥተው፣ አይስክሬሙ ወጥቶ፣ ጸሎቷ ራሱ ወጥቶ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ ድምፅ አውጥቼ። ጎኔ ፓርክ ያደረገው ልጅ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ደህና ነህ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ምሳዬን አልበላሁም። በራሴ ተናድጃለሁ፤ ይህ ንዴት ለየት ይላል፣ የሚወጣበት ሰው የለም።

ሐሙስ 26። ምሽት 12 ሰዓት፣ ከዩለስ መልስ

ለአስቴር ዋሽቼሽ ነበር አልኳት። አውቄዋለሁ አለች። የወይንሸትን ስልክ አፈላልጋ፣ ራሷ ደውላ፣ ለዛሬ ቀጠረችልኝ።

በመንገድ አራት ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። ወይንሸት ከሥራ ገና መግባቷ ነው። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ጫማዋን አውልቃ፣ አፓርትመንቷ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ስታየኝ ባዶ እግሯን ብድግ አለች። ጋሼ አለችኝ፣ አንቱ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

አጥፍቻለሁ አልኳት። ከአራቱ ዓረፍተ ነገር የወጣችው እሷው ብቻ ናት፤ ሦስቱ ጠፉ።

«እርስዎም ያጠፋሉ?» አለችኝ። ትቀልድ ትገረም አልገባኝም።

ፎቶውን አሳየኋት። ደንግጣ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ውይ፣ ይሄ ደግሞ እንዴት ገባ? ይሄማ ወሬ ነው ጋሼ። ለጉባኤ ያዘጋጀሁት ያንን ነው፣ አስተካክዬ የጻፍኩትን።»

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። የክርስቲያን ጉባኤ ሲባል ጊዜ ፈራች። አማኝ ሆና ስለ ሽንት ቤት ትጽፋለች እንዳይሏት ያን አወጣች። አይስክሬሙን ቀልድ ይመስላል ብላ አወጣች። ጸሎቱን አፍራበት አወጣች። ባዶ የቀረውን በጥቅስ ሞላች። ሦስት ሳምንት፣ በየብሬኩ ሰዓት። እኔ በቀይ የቀደድኩት የክት ልብሷን ነበር፤ ገላዋ ከሥር እንዳለ ሳላውቅ።

ሌላ አለሽ ወይ አልኳት። ገብታ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ አነበብኩ። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ቃል አቋርጠን እንጠብቃለን። በወረቀቶቹ ላይ የፈረስ ኮርቻ እቅፍ አድርገው ከሚሄዱ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅሁ። የባሏን አስከሬን አመድ በምሳ ዕቃ ከያዘች ሴት ጋር ተዋወቅሁ። ስንጥቅ ፈለግሁ፤ ልማድ ነው። አለ። ግን አንዱንም አልጥልም።

የጉባኤው ቀን ይዘሽ ነይ፣ አንብቢው አልኳት። ሥራ አለብኝ አለች። ደግሞም ሰው ፊት አልቆምም አለች። ፊት ወንበር ላይ ሆኜ አበረታታሻለሁ ብላት ሳቀች፤ የዛሬ የመጀመሪያ ሳቋ።

«ኧረ ፊት አይሁኑብኝ፣ ያስፈሩኛል። ከመጡም ኋላ ይቀመጡ።»

እመጣለሁ አላለችም። አልመጣምም አላለችም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5። ምሳ ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ሠላሳ ስምንት ሰው። ማይክራፎኑ ይጮኻል። የቤተ ክርስቲያናችን ፓ/ር የመክፈቻ ጸሎት ዐሥራ አራት ደቂቃ ጸለየ፤ ፕሮግራሙ ላይ የተሰጠው ሦስት ነው። ተናደድኩ። ከዚያ ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም።

ጠረጴዛ ላይ ከእያንዳንዱ ጸሐፊ ጋር ለብቻ፣ ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ደቂቃ እነጋገራለሁ። ከሮውሌት የመጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል ብሎ፣ የሚስቁበት የአማርኛ ተረት ይጽፍላቸዋል። የጦጣውን ድምፅ ሲያሰማኝ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ዞረው አዩን። አንዲት ፋርማሲስት ዘጠኝ ዓመት ምዕራፍ ሁለት ላይ ቆማለች። አነበብኩት። ምዕራፍ ሁለት አያስፈልግም አልኳት፤ ከአንድ ወደ ሦስት ዝለይ። አለቀሰች። አስቀየምኳት ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እፎይታ ነው።

የዐሥራ አንዱ ገጽ ምስጋና ባለቤትም ተራው ደረሰ። ምን ፈርተህ ነው አልኩት። ሰው እንዳይቀየመኝ አለ። ወደ አንድ ገጽ አወረድነው። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል፣ የእርስዎን ስም ልጨምር አለኝ።

የማይተዋወቁ ሰዎች ምሳ ላይ ገጽ ይቀያየራሉ። አንተም ትጽፋለህ? አንቺም? በየቤታቸው ተደብቀው፣ ብቻቸውን ያበዱ የመሰላቸው ሰዎች።

ወይንሸት የለችም።

ያው ቀን። ከሰዓት 11፡30

መጣች! ደብተር፣ መጣች።

አዲስ ጸሐፊዎች ሦስት ሦስት ደቂቃ እያነበቡ፣ ሊያልቅ ሁለት ሰው ሲቀር፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በኋላ በር ገባች። ሺፍቷን ከጓደኛዋ ጋር በግማሽ ተቀያይራ ነው። ኋላ ነበርኩ፣ እንደታዘዝኩት። አልፋኝ ሄደች። ታምራት ስሟን ጠራ።

ወረቀቷን ፊቷ ድረስ አነሣች። የመጀመሪያውን መስመር ማንም አልሰማውም። «ደግሞ ሽንት ቤት አሉኝ» ስትል አንዲት ባልቴት ፍርፍር አሉ። አዳራሹ ተከተላቸው። ወይንሸት ቀና አለች፤ ሰው መሳቁን አይታ ድምፅዋ ተከፈተ። አይስክሬሙ ላይ ስትደርስ ግን አንድም የሚስቅ አልነበረም። የመጨረሻዋን ጥያቄ፣ መቶ ሰው ላይ መጸለይ ኃጢአት ይሆን የምትለዋን፣ ቀጥታ ፓ/ር ፊት አነበበች።

ፓ/ር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ስብከት ይጀምራል ብዬ ወንበሬን ጨበጥኩ።

«እህቴ፣ እኔም የሽማግሌዎች ስብሰባ እንዲሰረዝ የጸለይኩበት ጊዜ አለ» አለ። «በረዶ ጣለ።»

ደብተር፣ ሰው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። እኔም ጭምር። ከዚያ የሆነው የባሰ ነው፤ አላነብም ብለው ስማቸውን ያሰረዙ ሰባት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ፕሮግራሙ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። አላጉረመረምኩም። ታምራት ሰዓቱን እያሳየ ቢጠቅሰኝ፣ ተዋቸው አልኩት።

እሑድ 6። ከሰዓት

ደክሞኛል፤ ደስ ብሎኛል። አስቴር ፊትህ ተቀይሯል ትላለች። ምንም አልተቀየረም፤ ያው ፊት ነው።

ጸሐፊ በጉባኤ አይወለድም ብዬ ነበር፤ አሁንም እንዲያ እላለሁ። ወይንሸት ከጉባኤው በፊትም ጸሐፊ ነበረች። የጎደላት የሚሰማት ሰው ነበር። እሱን ጉባኤው ሰጣት፤ እኔ ልነፍጋት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ታምራትን ይህንኑ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከይቅርታህ ስንት ነጥብ ልቀንስ አለኝ።

ሐሙስ 10። ምሽት 12 ሰዓት

ወይንሸት ደወለች። አብረዋት ዊልቸር የሚገፉ ሦስት ሰዎች መጻፍ ጀምረዋል፤ አንዷ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ናት፣ ልንሰባሰብ ነውና እሷም ትምጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትምጣ እንጂ! ቅዳሜ ሁሉም ሥራ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዩለስ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል አስይዛለች፤ ራሷ፣ ማንንም ሳትጠይቅ። ጉባኤው የዓመት ነው፣ እስከዚያ እንዳንቀዘቅዝ አለች።

መጥቼ አነብላችኋለሁ አልኳት። እሷ ግን፦

«ጋሼ፣ ደንብ አውጥተናል። ገጽ ያልያዘ አይቀመጥም።»

እኔ እኮ ለማንበብ ነው የምመጣው አልኳት።

«እርስዎም ይጻፉ። ካልጻፉ በር ላይ ይቁሙ።»

ተናደድኩ። ስልኩን ዘግቼ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የሌላ ሰው ሺህ ገጽ አርሜያለሁ፣ የራሴ አንድ የለኝም። መጀመሪያው መስመር ላይ ስንጥቁን አይና እጥለዋለሁ። ለአስቴር የተባልኩትን ነገርኳት። ሶፋው ላይ ተደግፋ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ስለ ወንድምህ ጻፍ አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ያቃተውን ሬዲዮ አልተሠራም ብሎ አይመልስም፤ የራሱን ደህናውን ሰጥቶ የተበላሸውን ያስቀራል። ቤታችን ድምፅ በሌላቸው ሬዲዮዎች ተሞልቶ ነበር፤ እናታችን ላያቸው ላይ ሽንኩርት ታሰጣለች። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ወስኛለሁ። ማክሰኞ እሄዳለሁ፣ አንድ ገጽ ይዤ። ቢሰነጠቅም።

ስለዚህ ደብተር፣ ዛሬ ካንተ ጋር አልቆይም። ሌላ ወረቀት አውጥቻለሁ።