ሰፈሩን ለባለቤቴ ሳወራለት

መስከረም 9

ሙሉ ቀን መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። ክር አለቀብኝና ወጣ ብዬ ገዛሁ። ስመለስ ባለቤቴ እንደተለመደው ወንበሩ ላይ ነው። ሬዲዮው ተከፍቷል፣ እሱ ግን አያዳምጥም።

«ውጭ ምን አለ?» አለኝ።

«ምን ይኖራል… ምንም።»

«ምንም?» አለና ሬዲዮውን ዘጋው።

ይቺ «ምንም» ከጆሮዬ አልወጣ አለችኝ። እውነት ምንም አልነበረም? ወይስ አላየሁም? እሱስ ዓይኑን የዓይን ግፊት ወሰደበት። እኔን ምን ነካኝ?

መስከረም 10

የምገዛው ነገር ሳይኖር ወጣሁ። ሆን ብዬ፣ ለማየት። ዓይኔ መሬት መሬት ሲል አናጢው ከሱቁ ደጃፍ አየኝ።

«እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?»

አፍሬ «መርፌ» አልኩት። መዶሻውን አስቀምጦ አብሮኝ መፈለግ ጀመረ፣ ምስኪን። አስፋልት ላይ መርፌ… ለሁለት ተጎንብሰን ቆየን።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ።

መስከረም 13

ከጋራዡ ጀርባ ያለው ዛፍ ላይ ቢጫ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። ቆሜ አየሁ። ወንዱ ሳሩን በምንቃሩ ያስገባል፣ በዚያ በኩል ያወጣል፣ ይስባል… የኔ ስፌት ነው ቁርጥ። ሴቷ መጣች። ውስጡን አየች፣ ዞር ብላ አየች፣ ሄደች። አልወደደችውም። እሱም ቁጭ ብሎ ሁሉንም ተረተረው። ያቺን ሴት አውቃታለሁ፤ ደንበኛዬ ናት።

ማታ ለባለቤቴ አወራሁለት። «ምንቃራቸው ምን ዓይነት ነው? ሲጮሁስ?» አለኝ። አላስተዋልኩም። ነገ እንደገና ልሂድ?

ባለቤቴ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሾፌር ነበር። አገሩን በሙሉ አዳርሷል፣ ይህን ሰፈር ግን አያውቀውም። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ነበር የሚገባው። እኔስ ብሆን? የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ኖርኩ።

መስከረም 21

ለመድኩት። ከስፌት በኋላ እወጣለሁ፣ ስመለስ አወራለታለሁ። ሰውም ለመደኝ።

ዛሬ አትክልት ሻጯ የጋራዡን ፍየል አሳየችኝ። ከተሰባበረችው ታክሲ ጣሪያ ላይ ወጥታ ታመነዥካለች። «ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ካልወጣች ቀኑ አይጀመርላትም» አለችኝ። «እንደ አለቃ ናት። ሠራተኞቹ ሲያረፍዱ የምታይበት ዓይን አላት።»

ከአውቶብስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ተክል በቅሏል። ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። አንድ ቅጠል ቆርጬ መጣሁ። ባለቤቴ በጣቶቹ መሃል አሸው፣ አሸተተው።

«ቲማቲም ነው እኮ። ከየት አመጣሽው?»

«ከሕዝብ መጸዳጃው ግድግዳ።»

ተነስቶ እጁን ታጠበ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ታጠበ። እኔ ጨርቅ አፌ ውስጥ ከትቼ ነው የሳቅኩት።

መስከረም 27

ዛሬ ግን ተጣላን። ጠብ ከተባለ… «ና አብረን እንውጣ፣ ወፎቹን ትሰማቸዋለህ» አልኩት።

«አንቺ አውሪልኝ። ይበቃኛል።»

«ለኔ ግን አይበቃኝም።»

ወደ ግድግዳው ዞረ። የሚያስበውን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት፣ ዓይኑ ሊጠፋ ሲል፣ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ ወደቀ። እግሩ ተላጠ፣ እሱስ ዳነ። ያልዳነው የተሳቀበት ሳቅ ነው። አንድ ሰው ሳቀበት፣ ማን እንደሆነ ሊያይ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ የግቢውን በር አላለፈም። ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ ያ የሳቀው ይመስለዋል።

መናገር አልነበረብኝም? ወይስ ቀድሞ መናገር ነበረብኝ?

ጥቅምት 2

ዝናብ። አልወጣሁም። እሱም አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 8

እራት ሳላቀርብ ነው የምጽፈው። ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ እንጃ።

ጠዋት ሱሪ ሳሳጥር ግርግር ሰማሁና ወጣሁ። አናጢው ደጃፍ ካለው የሎሚ ዛፍ ላይ የንብ መንጋ ተንጠልጥሏል። እንደ ቡናማ ከረጢት… ግን ከረጢቱ ይንቀሳቀሳል። ሰው ርቆ ቆሟል። አናጢው እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ላምባ እየነከረ ነው። «ልጆች በዚህ ያልፋሉ፣ ቢነድፏቸውስ?» ይላል። እሱም እውነቱን ነው።

ሮጬ ገባሁ። እንደሌላው ቀን ወሬ ላቀብል እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ባለቤቴ ግን ብድግ አለ።

«በአንድ ላይ ተሰብስበው ተንጠልጥለዋል ነው ያልሽው?»

«አዎ። ሊያቃጥሏቸው ነው።»

«እጅሽን አምጪ።»

በነጠላ ጫማ ነው የወጣው። የግቢውን በር ስናልፍ ክንዴን ጨመቀው። ቃል አልተነፈስኩም። ከተናገርኩ የሚመለስ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ እሳቱን አጥፋው» አለ። ድምፁ የሾፌርነቱ ድምፅ ነው፤ ያ አውቶብስ ሙሉ ሰው ቁጭ የሚያሰኘው። «ቤት ፍለጋ የወጡ ናቸው። ቤት የሌለው ንብ ምን ብሎ ይቆጣል? የሚጠብቀው የለው።»

«ጋሼ፣ ሳያዩዋቸው እንዴት አወቁ?»

«አባቴ ቀፎ ነበረው። እየሰማኋቸው ነው። የተቆጣ ንብ እንዲህ አይጮኽም።»

ትልቅ ካርቶን ከሱቅ መጣ። የካውያ ውኃ መርጫዬን አመጣሁ፤ ክንፋቸው እንዲከብድ በስሱ ረጨሁባቸው። እኔ፣ ሸረሪት አይቼ ወንበር ላይ የምወጣው። አናጢው ካርቶኑን ከስር ያዘ። ባለቤቴ ቅርንጫፉን በዳበሳ አገኘው። «ያዝ በደንብ» አለውና አንዴ ነቀነቀው።

ዱብ አሉ። ሙሉ መንጋው።

አናጢውን አንዷ አፍንጫው ላይ ነደፈችው። የላምባውን ቂም ይዛ ይሆናል። ባለቤቴን ጆሮው ላይ። «ይቺ ሰላምታ ናት» አለ።

የቀሩት ተከትለው እስኪገቡ መጠበቅ አለብን ብሎ ባለቤቴ የአናጢው ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የሱሪውን አንድ እግር ከሌላው አስረዘምኩት፣ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። የሱን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ እየሰማሁ እንዴት ልስፋ?

ጥቅምት 9

ንቦቹ ሄዱ። አናጢው ጠዋት ቢያይ ካርቶኑ ባዶ ነው። ጥፍር የምታህል ሰም ብቻ ትተዋል።

ባለቤቴ ካርቶኑን ተቀብሎ አሸተተው። «የሳሙና ካርቶን ነው። እኔም ብሆን አላድርበትም።» በቀልድ አለው፣ ፊቱ ግን ወደቀ። ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። አንድ ቀን ወጣ፣ ያም ባዶ ካርቶን ሆነ።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። አናጢው ነው፣ አፍንጫው ድንች አክሏል።

«ጋሼ፣ ምንም የማይሸት ደረቅ ጣውላ አለኝ። የቀፎ ልኩ እንዴት ነው? ነግረውኝ ከሠራነው ሌላ መንጋ አይጠፋም።»

«በቃል አይሆንም፣ ጣውላውን ልንካው» አለና ተነሳ። እኔን እጅሽን አምጪ አላለኝም። የአናጢውን ክንድ ይዞ ወጣ።

ቅር አለኝ እንዴ? ትንሽ… ሞኝ ነኝ።

ጥቅምት 24

ቀፎው አልቆ ከአናጢው ሱቅ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ንብ ግን ገና አልገባበትም። ባለቤቴ ውስጡን ሰም ቀብቶታል፣ ይጠብቃል። «ንብና ተሳፋሪ ሲፈልግ ነው የሚመጣው» ይላል።

አናጢው ከተራፊ እንጨት ምርኩዝ ሠራለት፣ እንደ ሐር አለስልሶ። ዛሬ ብቻውን ተሻገረ። በመስኮት አየሁት። ምርኩዙ የቦዩን ጠርዝ አገኘ፣ ቆመ፣ እንደገና ነካ አደረገው፣ ረገጠ። አንዲት የማላውቃት ሴት እጇን ዘርግታ ተጠጋችው። ከዚያ እጇን ሰበሰበች፣ አጠገቡ ብቻ ቆየች። እግዜር ይስጣት።

እኔ መስኮቱ ላይ መርፌውን ሳልሰካ ይዤ ቀረሁ።

ኅዳር 3

ንብ ገባ! ሳይጠሩት፣ ራሱ። አትክልት ሻጯ ናት ያየችው፤ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠችው። ባለቤቴ ጆሮውን ለቀፎው አስጠግቶ እስኪመሽ ቆመ። ስንቀልድበት አልሰማንም።

አሁን «የንቡ ሾፌር» ይሉታል።

ኅዳር 11

ወፎቹ እንደገና የሠሩትን ጎጆ ትተውት ሄደዋል፣ ጫጩቶቹ አድገው። ከዛፉ ስር ብዙ ቆየሁ። ቤት ስደርስ ነው ያስተዋልኩት፤ ምን ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለራሴ ነው ያየሁት።

እሱም ወሬ ይዞ ገባ። የጋራዡ ፍየል ልትወልድ ነው። አናጢው ሚስት ሊያገባ ያስባል፣ እንዳትናገሪ ተብያለሁ። አፌን ከፍቼ ሰማሁት።

ኅዳር 16

ዚፕ ስቀይር በር ተንኳኳ። የማላውቀው ሰው ነው፣ ከወንዙ ማዶ የመጣ። የቤቱ ግድግዳ ውስጥ ንብ ገብቶበት ምን ላድርግ ይላል።

«የንቡ ሾፌር አሉ?»

«የለም፣ ወጥቷል።»

«ወዴት ሄዱ?»

«እኔ እንጃ። አልነገረኝም።»

አመስግኖ ሄደ። በሩን ዘግቼ እዚያው ቆምኩ። «የለም፣ ወጥቷል»… ይቺን ቃል አውቶብስ በሚነዳበት ዘመን ስንት ጊዜ እያማረርኩ ብያታለሁ። ዛሬ ማንም ሳይሰማኝ፣ ቀስ ብዬ፣ ደግሜ አልኳት።