የአባዬ የክርስትና ስም

ሰኞ

ነገ ያልነው ቀን ለምንድን ነው ሁልጊዜ አንድ ቀን የሚርቀው? ዛሬም ቀየት ከተማ አልሄድኩም።

የአባዬ ሙት ዓመት እሑድ ነው። እዚህ ዘመሮ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። የንስሐ አባቱ በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ ክረምት ላይ ሲያርፉ ስሙም አብሯቸው ሄደ። የቀሩት ታላቅ እህቱ ናቸው፣ ቀየት ያሉት እትዬ ዘርፌ። ስልክ የላቸውም። መሄድ ብቻ ነው።

በመሄድ ፈንታ የሠራሁት፦ ልብስ አጠብኩ። ጫማ ጠረግኩ። ሦስት የሥራ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ያምራሉ።

ማክሰኞ

እማዬ አዲሱን ቄስ አነጋገረች። «በዓለም ስሙ ጌታቸው ተብሎ ቢጠራስ?» ብትላቸው፣ «ጌታቸውንማ ገበያተኛውም ይጠራዋል። ለፍትሐት የተጠመቀበትን አምጡ» አሏት።

«ሄድሽ?» አለችኝ ስትገባ።

«ነገ።»

«ይኼ ነገሽ እኮ ጥርስ አበቀለ።»

የአባዬ ጋቢ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። ከሥሩ ሳልፍ ሳሉን የሰማሁ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ጋቢ ነው።

ረቡዕ

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ስንፍና አይደለም። እትዬ ዘርፌን ፈርቼ ነው።

አባዬ የታመመው እሳቸው ቤት ነው። እኔ ለመመረቂያ ጽሑፌ እየተዋከብኩ ነበር። ደወለ። «አሁን ሥራ ላይ ነኝ አባዬ፣ ነገ እደውላለሁ» አልኩት። በነጋታው ሳልደውል ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ደወለልኝ።

ስልኩን ጆሮው ላይ የያዙለት እትዬ ዘርፌ ናቸው። ለቅሶው ላይ ዓይናቸውን ሳላይ ተመለስኩ።

ሐሙስ

በሕልሜ አባዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሟል። ስም ይጠራል፣ የተጠራው ይገባል። እሱ ጋቢውን አጣፍቶ ይጠብቃል።

እማዬ «ገብረ የሚል አለው፣ ቀሪው ጠፋኝ» ትላለች። ስለዚህ ወረቀት ላይ «ገብረ ማርያም» ብዬ ጻፍኩ። ማን ያውቅብኛል? እስከ ቄሱ ደጅ ይዤው ሄድኩ። በሩን ላንኳኳ ስል ሕልሙ መጣብኝ፤ ሌላ ሰው ተጠርቶ ሲገባ፣ አባዬ ውጭ ሲቀር። ቀደድኩት።

ዓርብ

በጠዋቱ መኪና ሄድኩ። ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም፤ ካሰብኩበት እቀራለሁ።

እትዬ ዘርፌ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«መንገዱ ነው የጠፋብሽ ወይስ እኛ?» አሉኝ።

ስሙን ጠየቅኋቸው። እንዝርቱን ሳያቆሙ «ገብረ ሕይወት» አሉ። ዓመት የፈራሁት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ስልኬ ላይ፣ መዳፌ ላይ።

ከዚያ ስለዚያ ጥሪ ነገርኳቸው።

«ነግሮኛል» አሉ። «ነገ ትደውላለች ብሎ ስልኩን ከራስጌው አላስነሳም አለ።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም።

«ምን ሊለኝ ነበር?»

«ቁመትሽን ሊጠይቅሽ ነዋ። ሥራ ብርድ አገር ቢደርሳት ባና ላሠራላት፣ ስትተኛ ለብሳው እግሯ እንዳይወጣ ይል ነበር።»

ከጓዳ አንድ ጆንያ ጎትተው አወጡ፤ ለባና የተፈተለ ጠጉር ሞልቶታል።

«ፈትዬ ከጨረስኩ ቆየሁ» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው። «ለሸማኔ ሳልሰጠው፣ እኔም ነገ ነገ ስል ዓመት ሞላው። ባየሁት ቁጥር ድምፁ ይመጣብኛል።»

እዚያው አደርኩ። ጆንያው በመሀላችን።

ቅዳሜ

ዘመሮ ከመኪና እንደወረድኩ፣ ቤት ሳልገባ ጆንያውን ይዤ ሸማኔው ጋ ሄድኩ። ቤት ከገባ ጥግ ይዞ እንደሚቀር አውቃለሁ።

ሽማግሌው ጠጉሩን በጣታቸው ዳብሰው «ጥሩ እጅ ነው የፈተለው» አሉ። «ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?»

ቀጥ ብዬ ቆምኩላቸው። በክንዳቸው ለኩኝ።

እሑድ

ፍትሐቱ ተደረገ። ቄሱ «ገብረ ሕይወት» ሲሉ እማዬ እጄን ጨመቀችኝ። ወደ በሩ አየሁ። ማንም የለም። ይግባ አይግባ አላየሁም።

ቤት ስመለስ ሆን ብዬ በጋቢው ሥር አለፍኩ። ሳሉን ጠበቅኩ። አልመጣም። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም።

አባዬ፣ ቁመቴ ተለክቷል። ሲጠሩህ ሰምተህ ከሆነ በፈለግኸው መንገድ ንገረኝ። ዛሬ ሥራ ላይ አይደለሁም።