መቶ ካለ በኋላ

ሰኞ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ

ደብተሬ፣ ትናንትም አልሄደም። የኢዶ ሳፊያን የራስ ሲቲ ስካን ምስሎች ከሥራ ቦታ ኮምፒውተር አ.አ. ላለው ዶ/ር ለመላክ ስሞክር ይኸው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ግማሹ አልደረሰኝም ይላል። ቀሪውን ሳላይ ምንም አልናገርም አለ። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አከራዬ ናት እንጂ አክስቴ አይደለችም። ግን እዚህ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ታምሜ ስወድቅ ሾርባ ይዛ የመጣችው እሷ ናት፤ ከዚህ በላይ ዘመድ ከየት ይመጣል? ግራ ዓይኗ እየደከመ ነው። ትናንት ሻይ ስትቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰችው። አየሁ። ኢንተርኔቱን ረገምኩ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ጉድ ነው አቦ! ኢንተርኔቱ አይደለም። ጠዋት መላክ የምጀምረው እኔ ነኝ፤ ከዙህር ሶላት ወዲያ የክሊኒኩን የራጅ ክፍል የምትረከበኝ ባልደረባዬ ሆዳን ናት። ዛሬ የስልኬን ቻርጀር ረስቼ ብመለስ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ማን አጠፋው? እሷ። ለምን? መቶ ፐርሰንት አለ፣ አለቀ፣ አጠፋሁት። የመብራት ዋጋ እዚህ አገር እሳት ነው፤ ማናጀሩ ሥራው ያለቀ ማሽን በርቶ ካየ ቁም ስቅል ያሳያል። ሐርጌሳ የሁላችንም እጅ ማጥፊያው ላይ ነው።

ግን መቶው የአንዱ ፋይል መቶ ነው! ከሥሩ ሌላው ከዜሮ ይጀምራል። ጮኽኩባት። ድሬ ያደገች ናት፣ ስትናደድ አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል። ታዲያ የት ተጽፏል፣ አሳየኝ አለች። ፋይል የምንልክበትን ፕሮግራም መመሪያ ከፈትኩላት። ስለዚያ ቁጥር ያለው አንድ መስመር፦ በሚልክበት ጊዜ ሂደቱን ያሳያል። በቃ! ማሳየቱንማ ማንም ያየዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ነው እንጂ። ያ ረቢ። አፈርኩ። ይቅርታ እንኳ ሳልላት ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ

ሁሉም ፋይል ሄደ። እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ዶ/ሩ ደርሶኛል አለ። ስንት ቀን ባከነ? ማሰብ አልፈልግም። አስባለሁ።

አላስችል ሲለኝ መመሪያውን ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም አሻሽሎ ለሠሪዎቹ መላክ ይችላል። ጻፍኩ፦ መቶው የአንድ ፋይል ነው፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር ገና የቀሩት ፋይሎች ብዛት ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይል እየፈለገ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል፣ አትደንግጡ። ኮራሁ። ለሆዳን አነበብኩላት፤ ኩርፊያዋ እንዳለ ነው። ገባኝ አለች። እና መቼ ላጥፋው?

ውይ። እሱን አልጻፍኩም። ይህን ሁሉ ለፍልፌ ዋናውን ትቼዋለሁ። ጨመርኩ፦ መቶ ስላለ ማሽኑን አታጥፉ፤ ቀሪው ዜሮ ሆኖ ትእዛዝ የሚጻፍበት ባዶ መስመር ሲመለስ ብቻ አጥፉ። ላክሁት።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ዶ/ሩ ደወለ። እጢ ነው። የግራ ዓይኗን ነርቭ ጨፍልቆታል፣ አይመለስም። ቀኙን ለማትረፍ ቶሎ ትምጣ። ቀድሞ ቢደርሰኝ ምናልባት፣ አለ። ምናልባት!

ለኢዶ ሁሉን ነገርኳት። የመቶውንም፣ የማጥፋቱንም። አልተቆጣችም። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንዱ ዓይኔ አለ አለች። ምነው በሰደበችኝ! ከዚያ ዋሄን ገበያ ያለውን የጨርቅ መደቧን ማን እንደሚይዝላት ታወጣ ታወርድ ጀመር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሰው ዓይኑን ባልተጻፈ መስመርም ያጣል ለካ። ሆዳን ደወለች። አላነሳሁም።

ቅዳሜ

ሠሪዎቹ መለሱ። ትሁት ሰዎች ናቸው፣ ምን ያደርጋል። ማብራሪያው ጥሩ ነው፣ እንቀበለዋለን፤ ማሽን ስለማጥፋት የሚለው ግን ይውጣ፤ ሰው ኮምፒውተሩን መቼ እንደሚያጠፋ የፕሮግራሙ ጉዳይ አይደለም። ታዲያ የማን ነው? የኔ? የሆዳን? እነሱ ጋ አጥፉ እያለ የሚዞር ማናጀር የለማ! መልስ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ደግሞ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ብከራከር ዓይኗ አይበራ። ደክሞኛል ወላሂ። እንደፈለጉ ያድርጉት።

እሑድ፣ ጠዋት

አልቻልኩም። አሁን ላክሁላቸው፣ አጭር ነው፦ ያቺ መስመር ከወጣች የቀረውንም የኔን ጽሑፍ አውጡት። ከፈለጉ ይቀየሙ።

ሻንጣው ተዘግቷል። ድንበሩ ላይ ወዳለችው ውጫሌ የሚወስደን መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ጅግጅጋ፣ ከዚያ አ.አ.። ሆዳን ልትሸኘን መጥታ የኢዶን እጅ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። ይቅርታ አልኳት፣ በስንት ጊዜዬ። ሻንጣውን ተቀብላኝ ወደ መኪናው ወጣች። ኢዶ አሁን ስትወጣ ግራ ትከሻዋን ከመቃኑ ጋር አጋጨችው፤ አላየችውማ። ሳቀች። እየጠራችኝ ነው። ከእንግዲህ በግራዋ በኩል የምሄደው እኔ ነኝ። መጣሁ ኢዶ፣ መጣ