ድልድዩን የማይሻገር ሕግ

እሁድ

ትዕግስቴ፣ በማርያም ይሄን ጊዜ እንኳን እመኚኝ፣ አላበድኩም፣ ጋሽ መኮንን ፓስፖርቴንም የልደት ወረቀቴንም ይዘው አልመልስም ብለዋል፣ አርብ ጠዋት የኢሚግሬሽን ኢንተርቪው አለብኝ፣ በባዶ እጄ ምን ብዬ ነው የም...

ሜሴጅ እየተውኩላት እዚህ ጋ ስልኩ ጲጵ ብሎ ቆረጠኝ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ደረቴ ውስጥ ሲዞር ነው የሚያድረው።

ትዕግስት የአክስቴ ልጅ ናት፣ ሎረል ነው ያለችው። ለምን እንደማታምነኝ አውቃለሁ። አምና ክፍል የምትጋራኝ ልጅ አይዲዬን ሰረቀችኝ ብዬ ሰፈር ካመስኩ በኋላ የክረምት ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ልጅቷ ተቀይማ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ምን ብናገር "ጃኬትሽን አይተሻል?" ነው መልሷ። ደሞ ጋሽ መኮንን የልጇ የክርስትና አባት ናቸው። የሷን የግሪን ካርድ ፎርም የሞሉላት እሳቸው ናቸው። ሎየር አይደሉም፣ ግን ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። እኔን ሰምቶ እሳቸውን ማን ይጠረጥራል?

ጥፋቱ የኔ ነው። ኦሪጅናሉን ሰጠኋቸው፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰፈሬ ያለው ዳቦ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ። ኮፒ እንኳን አላስቀረሁም። "ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ" የሚለው ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የአባቴ እኩያ፣ ሻይ ጋብዘውኝ፣ ልጄ እያሉኝ፣ ይፈርሙልኝ ይባላል? ዋጥኩት።

አሁን ደህና ሎየር ላማክር ስላልኳቸው ተቀየሙ። "ሌላ ሰው ካመጣሽ ንቀሽኛል ማለት ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ ይቆያል። አርብ እኔው ይዤሽ እገባለሁ፣ እኔው እናገርልሻለሁ" አሉኝ። ምን ብለው ነው የሚናገሩልኝ? ባዶ ፎርም ላይ ነው እኮ ያስፈረሙኝ። ምን እንደሞሉበት አላውቅም።

ሰኞ

ክሪስታል ሲቲ፣ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ፣ የምሠራበት ሆቴል። አስራ ሁለት ክፍል አጸዳሁ።

አንሶላ ሳራግፍ አየር ይሞላና ትንሽ ከላዬ ይቆማል፣ ያኔ ነጭ ቤት ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል፣ ማንም የማያገኘኝ። ዛሬ አንዱን ሦስቴ አራገፍኩት። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ወንዙን ይዘው ሲወርዱ ድምፅ የላቸውም። ዝም ብለው ነው የሚወርዱት። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩና እንባዬ መጣ።

ምሳ ላይ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወረቀት አገኘሁ። ቅዳሜ ላይብረሪ፣ ከእንግሊዝኛ ክላስ ስንወጣ ሲያድሉ ተቀብዬ የረሳሁት። በአማርኛ! የስቴቱ አቃቤ ሕግ ያስወጣቸው ሕጎች ምናምን ይላል። እኔ እስከ ስድስተኛ ነው የተማርኩት፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። በስልክ የሚያጭበረብሩ ሰዎች። የቤት አከራዮች። ሠራተኛ የሚያስፈራራ አሠሪ። ከዚያ ታች፣ ጥግ ላይ፣ ሎየር ሳይሆን ፎርም የሚሞላ ሰው የባለጉዳዩን ዋና ሰነድ ይዞ ማስቀረት አይችልም።

ስለኔ ነው እኮ! ስሜ ብቻ ነው የቀረው።

ባቡር ላይ አይኔን ጨፈንኩ። አቃቤ ሕጉን አላውቀውም፣ ወረቀቱ ላይ ፎቶ የለም። ግን ሰፊ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰው በየተራ ሲጠራ አየሁት። "ሰናይት" አለ። "አቤት" አልኩ። ድምፄን አውጥቼ ነው መሰለኝ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ሰብሰብ አደረገች።

ማክሰኞ

ጠዋት ባቡሩ ከመሬት ስር ወጥቶ ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሲደርስ ወንዙ አይታይም፣ ጉም ብቻ። ደመና ላይ የምንሄድ ነው የሚመስለው። ወረቀቷን ደረቴ ላይ ይዤያታለሁ። ምንም አልፈራሁም። ከሥራ በኋላ በቀጥታ አሌክሳንድሪያ፣ ጋሽ መኮንን ቢሮ።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ቀስ ብለው። ከዚያ ሳቁ።

"ሰናይቴ፣ ልብ ብለሽ አንብበሽዋል? ላይ 'የሠራናቸው' ይላል። ያንቺው የት ነው ያለው? 'ወደፊት የምንጠይቃቸው' ከሚለው ስር። ገና አልወጣም እኮ ልጄ! ሐሳብ ነው።"

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ርእሱን ዘልዬዋለሁ።

"ቢወጣስ? የሜሪላንድ ነው። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ። ያንቺ አቃቤ ሕግ ድልድይ አይሻገርም።"

ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ አብራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ለምን እንደሳቅኩ እግዜር ይወቅ። ልወጣ ስል በሩ ድረስ ሸኙኝና በቀስታ "ክፉ ሰው ብሆን ኖሮ እኮ ለኢሚግሬሽን አንድ ስልክ ይበቃኝ ነበር" አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ለትዕግስት ቴክስት አደረኩ። መልሷ፦ "እሳቸው እንዲህ አይሉም። ጃኬትሽን አይተሻል?"

ረቡዕ

ጠዋት ሳልነሳ በሕልሜ አየሁ፦ ሕጎቹ በሰልፍ ድልድዩን ይሻገራሉ፣ እንደ ተማሪ፣ ነጭ ለብሰው። የኔው መሀል ላይ ቆሞ ወንዙን ያያል። ና ስለው ሌሎቹ ይሄ ገና አልተወለደም አሉኝ።

ብሬክ ላይ አንሶላ የምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ወረቀቷ ጀርባ ላይ ያለው የአቃቤ ሕጉ ቢሮ ቁጥር ጋ ኮል አደረኩ። አማርኛ ስል ጠብቂ አሉኝ። አንዲት ልጅ መጣች። እዚሁ የተወለደች ናት፣ ያስታውቃል።

ጉዳዬን ሁሉ እንደ ውሃ ለቀቅኩባት።

"ኦኬ ኦኬ፣ ሰናይት፣ ስሎው ዳውን። ወረቀቱን የት ነው የሰጠሻቸው?"

"ቢሯቸው አሌክሳንድሪያ ነው።"

"ኖ ኖ፣ ቢሮ አይደለም። የሰጠሽበት ቦታ።"

"ሲልቨር ስፕሪንግ። ዳቦ ቤት ውስጥ።"

"ሶ ሜሪላንድ ነው፣ እኛ ጋ።"

ተቀመጥኩ፣ ፎጣ ክምሩ ላይ። አዲሱ ሕግ ገና ነው፣ እውነት ነው አለች፣ ግን የሰው ፓስፖርት ይዞ ማስፈራራት ዛሬም አይፈቀድም፣ አዲስ ሕግ አይጠብቅም። ዛሬውኑ እንደውልላቸዋለን አለች። ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ሲመልሱልሽ ደግሞ ወረቀት ላይ ይሁን።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ያ ሕግ ለስቴቱ ምክር ቤት ሲቀርብ የደረሰበት ሰው መጥቶ ካልተናገረ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል፣ ትመጫለሽ?

"እኔ? እስከ ስድስተኛ እኮ ነው የተማርኩት።"

"እኔ ደሞ አማርኛ የተማርኩት እናቴ ስትቆጣኝ ነው" አለችኝ። ከልቤ ሳቅኩ። በሳምንቱ የመጀመሪያዬ።

እሺም እምቢም አላልኳትም።

ሐሙስ

ጋሽ መኮንን ደወሉ! ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። "መንግሥት ላክሽብኝ? ይሁን። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ መጥተሽ ውሰጂ። ብቻሽን ነይ፣ ሰው አልፈልግም።"

እሺ ልል ነበር። አፌ እሺ ማለት ለምዷል። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "ዳቦ ቤቱ ይሁን ጋሼ፣ የሰጠሁዎት እዚያ ነው" አልኩ።

ሬዲዮ ይሰማል ከኋላቸው።

"ትልቅ ሰው ድልድይ ታሻግሪያለሽ?"

"ይቅርታ ጋሼ። ዳቦ ቤቱ።"

"አስራ ሁለት ሰዓት" ብለው ዘጉት።

አሁን አስር ተኩል ነው። ያው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ጋ። ውጪ የመንገዱ መብራት ከወዲሁ በርቷል፣ መስታወቱ ላይ ፊቴና መኪናው ተደራርበው ያልፋሉ፣ የትኛው እንደሆንኩ ግራ ይገባኛል። ሻይ በራሴ አዘዝኩ። ይመጣሉ? አይመጡም? ወይስ ያንን አንድ ስልክ ይደውላሉ? በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ።

ከዚህ ደብተር አንድ ቅጠል ቀደድኩ። ጻፍኩበት፦ የሰናይት ፓስፖርትና የልደት ወረቀት ዛሬ ተመልሷል። ከስሩ ሦስት መስመር አሰመርኩ። የሰጠ። የተቀበለ። ምስክር። ያኔ የዋጥኩትን ዛሬ እላለሁ፣ ይፈርሙልኝ ጋሼ እላለሁ። ሲመጡ ሁለት ሰው ካዩ ይፈርማሉ። ብቻዬን ካዩኝ ልጄ ይሉኝና እረታለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ለትዕግስት እንደገና ደወልኩ፣ አሁንም ሜሴጅ። ጲጵ ከማለቱ በፊት ያልኳትን እንዳልረሳው እዚህ ልጻፈው፦

ትዕግስቴ፣ ጃኬቴን አይቻለሁ፣ ሁለቱንም ኪስ፣ የለም። እሳቸው የልጅሽ የክርስትና አባት ናቸው፣ አውቃለሁ፣ እንድትጣያቸው አይደለም፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳቦ ቤቱ ይመጣሉ፣ መጥተሽ አጠገቤ ቁጭ በይ ብቻ። የሚፈርሙልኝ ወረቀት ላይ ሦስተኛው መስመር፣ የምስክሩ፣ ያንቺ ነው። ከሎረል አሁን ካልተነሳሽ አትደርሺም። ከመጨለሙ በፊት ደውዪልኝ።