ለታናሽ የተረፈ ሰማይ

ለተከበሩ ካፒቴን ደምሴ አለሙ
የአድማስ ክንፍ አየር መንገድ የበረራ ክፍል ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? ጤናዎ የተሟላ፣ ዕረፍትዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በደብረ ታቦር ከተማ የፊዚክስ መምህርት ስሆን፣ በድርጅትዎ ረዳት አብራሪ የነበረው የደጀን ይርዳው ታላቅ እህት ነኝ። ወንድሜ ይህን እንድጽፍ አልፈለገም፤ «ተይው፣ ስርጉት፣ ምን ይለወጣል» ብሎኛል። እኔ ግን ለዋሉልን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት ነውር መስሎ ታየኝ።

ሥራዎን ለማያውቅ አንባቢ ሥርዓትዎን ባጭሩ ላስረዳ። አብራሪዎች በየወሩ የሚፈልጉትን በረራና የዕረፍት ቀን ይጠይቃሉ፤ እነሱ «ቢድ» ይሉታል። ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል፣ ቀጥሎ የተቀጠረው ይከተላል፣ እንዲህ እያለ ይወርድና ማንም ያልፈለገው ትራፊ መጨረሻ ለተቀጠረው ይደርሳል። ይህን አልነቅፍም፤ እኛም ታላቅ ይቅደም ተብለን ያደግን ነን። ብቻ በእኛ ቤት ታላቅ ሲቆርስ ለታናሹ የሚተርፈውን በዓይኑ ለክቶ ነው። በእርስዎ ቤት ይህ ልማድ እንደሌለ የተረዳነው ዘግይተን ነው።

አንደኛ፣ ከወንድሜ በኋላ ለዓመታት አብራሪ ባለመቅጠርዎ እናመሰግናለን። ታናሽነት የሚያልፍ ነገር ይመስለን ነበር፤ ሰው ጠጉሩ እየሸበተም ታናሽ ሆኖ መኖር እንደሚችል ያሳዩን እርስዎ ነዎት። ትንሣኤም ጥምቀትም ያለ እሱ አለፉ። እናታችን ወይዘሮ ብርቱካን ሲያርፉ ደጀን ባሕር ማዶ ስለነበር ለቀብር አልደረሰም። ለአርባቸው ቀኑን አስቀድሞ ጠየቀ፤ ዕለቱ ከበዓል ጋር ስለገጠመ ከእሱ የቀደሙት ሁሉ ለዕረፍት መርጠውት ኖሯል። ሐዘኑ ግን ታናሽ ነው ብሎ አልቀረለትም።

ሁለተኛ፣ የደረሰው ትራፊ እንዲህ ያለ ነበር፦ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ነገ ቀን ተኝቶ ሌሊቱን ያበራል፣ ከነገ ወዲያ እንደገና ማለዳ ይነሳል። አንዱም በረራ ሕጉ ከፈቀደው ሰዓት አላለፈም፤ ይህን ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። የሰው ገላ ሕጉን አለማንበቡ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ከአርባው በኋላ ዕረፍት አግኝቶ ሲመጣ፣ አባታችን ያጎረሱትን ሳያላምጥ እንቅልፍ ወሰደው። አባታችን በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ እያረሱ ያሳደጉን ሰው ናቸው። ጉርሻውን በጣታቸው ከአፉ አወጡለትና ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የደከመ በሬ ጠምዶ ገደል አፋፍ የሚያርስ ገበሬ አይቼ አላውቅም» አሉ።

ሦስተኛውን ደጀን ሲነቃ ራሱ ነገረን።

በሥርዓትዎ ትራፊ በረራ ትራፊ ሰዎችን ያገናኛል፤ ከካፒቴኖች መጨረሻ የተሾመው ከረዳቶች መጨረሻ ከተቀጠረው ጋር፣ የደከመው ከደከመው ጋር። ወንድሜና ካፒቴን ሙሉሐብት ከባሕር ማዶ ሰው ጭነው እየተመለሱ ነበር። ደጀን የሚያስታውሰው ከፊታቸው ሰማዩ መቅላት መጀመሩን ነው። ቀጥሎ የሚያስታውሰው ፀሐይ ፊቱን ስታቃጥለው ነው። ሬዲዮው የበረራ ቁጥራቸውን ደጋግሞ ይጠራል። ወደ ጎኑ ሲዞር ካፒቴኑ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። አውሮፕላኑ በራሱ እየሄደ ነው፤ ከኋላቸው ተሳፋሪዎች ቁርስ ይበላሉ። ካፒቴኑን ቀሰቀሰው፣ ለሬዲዮው መለሱ፣ በሰላም አረፉ። ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ አመሰገኗቸው።

ሁለቱም ቢሮዎ መጥተው የሆነውን ሳይደብቁ እንደነገሩዎት አይዘነጉትም። የሰጡት መልስ አጭርና ግልጽ ስለነበር ቃል በቃል ልድገመው፦ «ወረፋችሁን ጠብቁ፤ እኛም በዚሁ ነው ያለፍነው።» የሚቀጥለው ወር ምደባ ሲወጣም ያው ትራፊ ተመልሶ ደረሳቸው። ካፒቴን ሙሉሐብት ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። የልጆች አባት ነውና አልፈርድበትም።

አራተኛ፣ ደጀን አንድ ማለዳ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ ሥራ ገባና ዛሬ ለማብረር ብቁ አይደለሁም አለ። ይህን የማለት መብት በራስዎ ደንብ ተጽፎለታል፤ ችግሩ ደንቡን ማመኑ ነው። በረራው ዘገየ፣ ተሳፋሪ ተቆጣ፣ እርስዎም ከሥራ አገዱት። ቢመለስም ቅጥሩ እንደ አዲስ ተቆጥሮ፣ በቅርቡ ተቀጥረው ገና ከሚሠለጥኑት ሁሉ ኋላ እንደሚሰለፍ አስነገሩት። እንቅልፍ አጥቶ ያገለገለባቸው ዓመታት ሁሉ በአንድ ቃል ተሰረዙ።

አሁን አባታችን ቤት ነው። መጀመሪያ ላይ ተኝቶ ብቻ ይውል ነበር፤ አሁን ማሳ ይወርዳል፣ ይበላል፣ አልፎ አልፎም ይስቃል። ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ አውሮፕላን በደመና ውስጥ ሲሰማ ግን ሳቁን ያቋርጥና ድምፁ እስኪጠፋ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። አሁን የወረፋው ጭራ ማን እንደሆነ ያውቃል። ከእነዚያ ሠልጣኞች አንዷ የነበረች፣ አዲስዓለም የምትባል ወጣት ረዳት አብራሪ ናት፤ እሱ የተወውን ትራፊ የወረሰችው እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ደወለችለት። ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ በእናታችን ሞት አጽናናችው። እኔ አጠገቡ ስለነበርሁ ሰምቻለሁ። «ደጀን» አለችው፣ «ተኝተህ እንደነበር በምን አወቅህ?»

ወንድሜ ፀሐይዋን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ግን ለበረራ ተዘጋጅታ ከአየር ማረፊያ እንደምትደውል ገብቶት ተወው። «ዛሬ አሞኛል ብለሽ ቅሪ» አላት። እሷም ከሥራ የታገደው ማን እንደሆነ አስታወሰችውና ስልኩን ዘጋች።

ክቡር ካፒቴን፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ታላቅነትዎን ያብዛልዎት፣ ወረፋዎም ዘወትር የፊተኛው ይሁን እላለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ስርጉት ይርዳው
ደብረ ታቦር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው የደብረ ታቦር በዓል የከተማችን የክብር እንግዳ እንደሆኑና በድርጅትዎ አውሮፕላን እስከ ባሕር ዳር እንደሚመጡ ሰምተን ተደስተናል። በበዓል ቀን ታላላቆቹ ሁሉ ዕረፍት እንደሚመርጡ፣ በረራውም ለማን እንደሚተርፍ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ በመንገድዎ እንቅልፍ ቢመጣብዎ እባክዎ ይታገሉት፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ነቅቶ ቢገኝ ደግ ነው።